ልብስ ሰፊው የለካው ከፍታ

ልብስ ሰፊው በቅናት የሚታማ ሰው አልነበረም። ከሱቁ ፊት ለፊት ሌላ ልብስ ሰፊ ሲከፍት መቀሱን አውሶታል፤ የሚስቱ ወንድም አዲስ ቤት ሲገባ መጋረጃውን በነጻ ሰፍቶለታል። ሰፈሩም «ሆደ ሰፊ ነው» ይለዋል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ቅናት አጥቶ አይደለም፤ ለዚህም ለዚያም አልበተነውም እንጂ። ጠቅልሎ ያስቀመጠው ለአንድ ሰው ነበር፤ ለታናሽ ወንድሙ።

ይህን ወንድሙን ቤተሰቡ «ትንሹ» ይለዋል። ትንሹ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ጢሙ ደረቱን ሊነካ የደረሰ ጎልማሳ ነው፤ የመጨረሻ ልጅ በመሆኑ ብቻ ስሙ አብሮት ሳያድግ ቀረ። ለዓመታት ሩቅ ቦታ መንገድ ሥራ ላይ ስለነበረ እናቱን የሚጠይቃት በስልክ ነው። እሷም ስልኩን ዘግታ ቀኑን ሙሉ «ትንሹ እኮ ደወለልኝ» ስትል ትውላለች። ልብስ ሰፊው ደግሞ በየቀኑ ከሱቅ ሲመለስ ጎራ ይላል፤ ዳቦ ያደርስላታል፣ አምፖል ይቀይርላታል። ሲወጣ የምትለው «በሩን ገርበብ አድርገው» ብቻ ነው።

ያም ሆኖ ልብስ ሰፊው ቅዳሜ ነበረችው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት እናቱን በአሮጌ ትንሽ መኪናው ጭኖ ከኮረብታው ማዶ ያሉ ታላቅ እህቷ ዘንድ ያደርሳታል። መኪናዋ ዝቅ ከማለቷ የተነሳ ሆዷ ድንጋይ ይልሳል፤ ስለዚህ ቀስ ማለት ግድ ነው። ልብስ ሰፊው ግን ግድ ባይሆንም ቀስ ይል ነበር። በዚያ መንገድ ላይ እናቱ የሆድ የሆዷን ታወራዋለች፤ አባታቸው ሊያገባት ሲመጣ እንዴት በአጥር ዘሎ እንደ ወደቀ፣ ሌሊት ሌሊት የትኛው ጎኗ እንደሚወጋት። ጨርሳ ሁልጊዜ «ይህን ለማንም እንዳታወራ» ትለዋለች። ይህች አረፍተ ነገር ነበረች የልብስ ሰፊው ሀብት። ትንሹ በስልኩ ሁሉ ይህችን ሰምቷት አያውቅም።

እና ትንሹ ተመለሰ። የተመለሰውም ዳገት ቁልቁለት የማይበግራት የገጠር መኪና ይዞ ነው። እሷ አልበቃ ብላው አዲስ ሞላና መንገጫገጭ የሚያበርድ አዲስ አሞርዛተር በካርቶን አስጭኖ አመጣና በእናቱ ግቢ ዘረገፈው።

«ጋሼ፣ መኪናዬን እዚሁ ግቢ ውስጥ ከፍ ላደርጋት ነው፤ ትረዳኛለህ» አለው። «ከዚያ በኋላ እማዬን በወንዙ በኩል በአቋራጭ ነው የማደርሳት። ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን መፍጀት ቀረ! አንተም ቅዳሜህን ታርፋለህ።»

«ታርፋለህ» የምትለዋ ቃል እንደ መርፌ ገባች። ልብስ ሰፊው ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሲነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ጸጉርህ ሸብቶ እናቴን ወሰዱብኝ ትላለህ?»

«ማን ምን አለ? መንገዱ ለእሷ አደገኛ ነው ነው ያልኩት።»

«እስቲ ፊትህን በመስታወት እየው» አለችው።

ሐሙስ ዕለት ሥራው ተጀመረ። ልብስ ሰፊው ከሱቅ በቀጥታ ስለመጣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ትንሹ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ በብረት መደገፊያ ላይ አሳረፋት፤ ጎማዎቹን አወለቀ፤ ከዚያ የዛገ ብሎን ሲያጋጥመው ዘይት እያፈሰሰ በመዶሻ ይቀጠቅጠው ጀመር። እናታቸው በረንዳው ላይ ወንበር አውጥታ፣ ዓይኗን ከትንሹ ሳትነቅል ተቀምጣለች።

«ኧረ እጅህን ልጄ! እጅህን እንዳትጎዳ!» ትላለች።

በዚያችው ቅጽበት ብሎኑን በቁልፍ ይዞ የነበረው ልብስ ሰፊው ጣት ተልጦ ይደማ ነበር። ልብስ ሰፊው ጣቱን ትንሽ ከፍ አድርጎ አወዛወዘው፤ ምናልባት ታየው እንደሆነ። አላየችም። ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። የሚመጠው ደም ይሁን ንዴት እሱ ራሱም አልለየውም።

አዲሱ ሞላ ከአሮጌው ይረዝማል። ትንሹ ጎማዎቹን የሚያያይዘውን ብረት በእግሩ ቁልቁል ሲጫን፣ ልብስ ሰፊው ሞላውን አቅፎ ቦታው ያስገባል። ትንሹ ሥራውን ያውቃል፤ ይህም አናደደው። ብሎኖቹን ሁሉ ካስገባ በኋላ «ማጥበቁ ገና ነው፤ መጀመሪያ በጎማዋ ትቁም፤ እንደተንጠለጠለች ካጠበቅነው በብረቶቹ መሐል ያለው ላስቲክ ተጠማዞ ይቀደዳል» አለ። እናቱም ምንም ሳይገባት «አቤት አእምሮ!» አለች። ልብስ ሰፊው እድሜ ልኩን ኮት ሰፍቷል፤ ስለ አንድም ኮት «አቤት አእምሮ» ተብሎ አያውቅም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መኪናዋ መሬት ረገጠች። ትንሹ ማጥበቁን ጨርሶ ሜትሩን ከወንድሙ አንገት ላይ መዘዘና ከጎማው መሐል እስከ ጭቃ መከላከያው፣ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካ። «ከቀድሞዋ ስንዝር ልትጨምር ምንም አልቀራት! ጋሼ፣ እያት እንጂ!» እያለ ይጨፍር ጀመር።

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ተቀብሎ ሳያስበው እሱም ለካ። እሱ ግን የለካው ሰው የሚገባበትን ነው፤ ከመሬት እስከ በሩ ወለል። ሜትሩ ጭኑ ጋ ደረሰ። የእናቱን ቀሚስ ሁሉ የሚሰፋው እሱ ነው፤ ጉልበቷ እስከ የት እንደሚነሳ ከሐኪም ይበልጥ ያውቃል። የበረንዳዋን አንዲት ደረጃ እንኳ ግድግዳ ይዛ ነው የምትወጣው። እናቱ እዚህ መኪና ላይ አትወጣም። ያለቀለት ነገር ነው።

አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። አንድ ቃል ቢተነፍስ ትንሹ በማግስቱ መርገጫ ያስበይድ ነበር። ልብስ ሰፊው ግን ሜትሩን ቀስ ብሎ ጠቀለለና ኪሱ ከተተው።

«እንዴት ናት ጋሼ?»

«ታምራለች» አለ።

ትንሹ ከታላቅ ወንድሙ እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምቶ ስለማያውቅ በግራሶ ቅባት በቆሸሸ ክንዱ ጥምጥም አለበት። ልብስ ሰፊው ያኔ ትንሽ ከነከነው። ትንሽ ብቻ።

ቅዳሜ ጠዋት የራሱን አሮጌ መኪና አጠበ፣ የእናቱን መቀመጫ ወደ ኋላ ሳበ፣ ትራስ አደረገበት፤ ከዚያ መንገዱ መታጠፊያ ላይ አቁሞ በእግሩ፣ እንዲያው ለስንብት የመጣ መስሎ ግቢው ደረሰ። እናቱ እሱ የሰፋላትን የክት ቀሚስ ለብሳለች። ትንሹ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላት። ቀና ብላ አየችው። እግሯን አነሳች፤ አልደረሰም። እጀታውን ይዛ እንደገና ሞከረች፤ አልደረሰም።

«ልሸከምሽ እማዬ?»

«ሬሳ ነኝ እንዴ? ዞር በል!»

ወንበር መጣ፤ ወንበሩ ሲወላገድ ደነገጠችና ወረደች። የትንሹ ፊት እንደ ተቀጣ ሕጻን ሆነ። ይሄኔ ልብስ ሰፊው ከትናንት ጀምሮ ሲለማመዳት ያደረውን ቃል አወጣ።

«እማዬ፣ የኔዋ እኮ እዚህ መታጠፊያው ላይ አለች።»

እናቱ ዞር ብላ አየችው። ዓይኗ ለረጅም ጊዜ ከፊቱ አልተነሳም።

«መታጠፊያው ላይ ምን ትሠራለች?» አለችው። «የቀሚሴ ጠርዝ በጣት ቢያጥር እንቅልፍ የማይወስድህ ሰውዬ፣ ይህን ሳታየው ቀርተህ ነው?»

ልብስ ሰፊው መሬት ብትከፈትለት ይገባ ነበር።

«ባንተ መኪና ስሄድ የማየው የጭነት መኪና ጀርባ ነው» አለች፤ ድምጿ ቀዝቅዞ። «አንድ ቀን እንኳ ከፍ ብዬ ወንዙን ልይ ብል ምን አለበት?»

ምንም አልነበረበትም። ልብስ ሰፊው ወደ መኪናዋ ሄደ፣ የደንበኛ ሱሪ ሲለካ በየቀኑ እንደሚያደርገው በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከና «ርገጪኝ» አላት። እናቱ በአንድ እጇ ራሱን፣ በሌላው እጀታውን ይዛ፣ ጭኑ ላይ ቆማ ወጣች። መቀመጫው ላይ ስትደላደል እጆቿን ዘረጋች።

«እሰይ! ትንሹ ልጄ፣ ወግ አሳየኸኝ! ክፉ አይንካህ!»

የረገጠችው እሱን፣ የመረቀችው ያንን። ልብስ ሰፊው ተነስቶ ወደ ግቢው በር ሲያመራ የመኪናዋ መስኮት ወረደ።

«ወዴት ነው? ግባ እንጂ! እዚያ ስደርስ ማን ያወርደኛል?»

ከኋላ ገባ። ሱሪው ላይ የጫማዋ ዱካ ነበር፤ አላራገፈውም። ትንሹ እየነዳ «ሰኞ መርገጫ አስበይድልሻለሁ፣ ከዚያ ማንንም አታስቸግሪም» ሲል፣ ልብስ ሰፊው ገና ባልተበየደ ብረት ቀና።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ትንሹ ሱሪውን ጠቅልሎ የውኃውን ጥልቀት ሊያይ ወረደ። እናትዬዋ እሱ እስኪርቅ ጠበቀች። ከዚያ እጇን በመቀመጫው ጎን ወደ ኋላ ሰደደችና የልብስ ሰፊውን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። መዳፏ በላብ ርሷል።

«ልሞት ነው በፍርሃት» አለችው በሹክሹክታ። «ይህን ለማንም እንዳታወራ። በተለይ ለትንሹ።»

«አላወራም» አለ ልብስ ሰፊው።