ለእናቴ ብድግ የሚለው ውሻ

ውሻችን ለእናቴ ብድግ ይል ነበር። ሌላ ሰው ሲገባ ጅራቱን ወለሉ ላይ መታ መታ አድርጎ ይተወዋል፤ እሷ ስትገባ ግን ተነስቶ ይቆማል። እናቴም እንደ ትልቅ ሰው «በእግዜር! በእግዜር! ኧረ ተቀመጥ!» ትለዋለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ካንቺ እሱ ይሻላል፤ ትልቅ ሰው ሲገባ ኖር ብሎ መነሳት ያውቃል» ትላለች። እኔ ሶፋው ላይ ስልኬን ይዤ ተጋድሜያለኋ!

ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ሲፈርስ ለገሃር አካባቢ ፎቅ ላይ ቤት ተከራየን። ግቢ ውስጥ ያረጀ ውሻ ፎቅ ላይ! አከራይ ለምነን፣ ጎረቤት ለምነን፣ በሩ አጠገብ ቦታ ሰጠነው።

ብዙም ሳይቆይ ደረጃው መሀል ላይ እየቆመ ቀና ብሎ ያየን ጀመር። ሲነሳ መጀመሪያ በፊት እግሮቹ ይቆማል፣ ከዚያ ኋላውን ይጎትታል። ሲሄድ የኋላ ጥፍሮቹ ሲሚንቶውን ሲፍቁ ይሰማል። ይህን ሁሉ አይተናል። እናቴ ግን «ደረጃ ስቶ ወለም ብሎት ነው» ብላ ፈረደች፤ ወለም ላለው ደግሞ እኛ ቤት መድኃኒቱ አንድ ነው፣ በለጋ ቅቤ ማሸት። ማታ ማታ እግሩን ታሻለች፣ እሱ ቅቤውን ይልሳል፣ እኔ «ይሄን ቅቤ ወጥ ውስጥ አይቼው አላውቅም» እያልኩ እነጫነጫለሁ። ከዚያ «ይፍታታ» ብላ ደረጃውን ታስወጣዋለች። ስትገባ ብድግ ማለቱን ስላልተወ የተሻለው መስሎን ነበር።

በመጨረሻ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድነው። ሐኪሙ ዳሌውን ዳበስ ሲያደርገው ውሻው ጮኸ። እናቴም ጮኸች። ወለምታ አልነበረም፤ የዳሌው መገጣጠሚያ በእርጅና አልቋል። ሐኪሙ ማስታገሻ ሰጠንና፣ ደረጃ እንዳይወጣ፣ ወፍራም ምንጣፍ ላይ እንዲተኛ፣ ያለ ምክንያት እንዳይነሳ አለን። «ስለተነሳ ደህና ነው አይበሉ እናቴ፤ ለሚወደው ሰው እያመመውም ይነሳል» አላት። ወደ ቤት ስንመለስ መስቀል አደባባይን እንዳለፍን፣ «እኔ ነኛ የማሰቃየው» አለችና አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ እንዲጸዳዳ እኔና ወንድሜ ጋቢ ላይ አስተኝተን እናወርደው ነበር። እናቴ ከገበያ ስትመለስ፣ ሰምቷት እንዳይነሳ ጫማዋን ደረጃው ላይ አውልቃ በካልሲ ትገባለች። በገዛ ቤቷ እንደ ሌባ! ምን ዋጋ አለው፣ ጠረኗ ይደርሰዋል። የፊት እግሮቹ ይቆማሉ፣ ኋላው እምቢ ይላል፣ ይወድቃል። እሷም ከጉልበቷ ጋር እየታገለች አጠገቡ ወለሉ ላይ ቁጭ ትላለች። «በቃ፣ እኔ ወረድኩልህ፤ አትነሳብኝ» ስትለው አንጀቴን ትበላዋለች።

ማስታገሻው አልሠራ ሲል፣ ምግብም ሲተው፣ ሐኪሙ ቤት መጥቶ በመርፌ አሳረፈው። ጭንቅላቱ እናቴ ጭን ላይ ነበር። እኔና ወንድሜ በዚያው ጋቢ ጠቅልለን ስናነሳው፣ እናቴ ግድግዳውን ይዛ ለመነሳት መታገል ጀመረች።

«ኧረ እማዬ ተቀመጪ፣ ጉልበትሽ!» አልኳት።

አልሰማችኝም። ቀጥ ብላ ቆመች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፤ በፊቷ ስናሳልፈው «ኖር» አለችው።