እኅቴ የበላቻት ሽምብራ

በቁጥር ጉዳይ ከዓባይ ወዲህ የሚስተካከለኝ ሰው አልተወለደም፤ ከዓባይ ወዲያም ቢሆን እጠራጠራለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ደብተሯን ይዛ መጣች። አንድ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ስምንት፣ ዐሥራ ሦስት እያለ የሚሄድ የቁጥር ሰልፍ ነው፤ እያንዳንዱ ከእሱ በፊት ያሉት የሁለቱ ቁጥሮች ድምር ነው። መምህሯ ለሁለት እኩል የሚካፈለው በየስንተኛው እንደሚገኝ ፈልጉ ብሏቸዋል። እኔ ጢሜን እያሻሸሁ ሳስብ እሷ በየሦስተኛው መሆኑን አግኝታ፣ ለሦስት የሚካፈለው ደግሞ በየአራተኛው ነው ብላ ጨረሰች። ቀጥላም ከመነሻው አንዷን «አንድ» በላጲስ አጠፋቻት።

«አየህ አባዬ፣ ሕጉ አልፈረሰም። አሁንም በየሦስተኛው ነው። ቦታው ግን ሁሉም ተዛነፈ።»

ከይጁቤ ልትጠይቀን የመጣችው ታላቅ እኅቴ ትደነቅ ጥግ ተቀምጣ የሽምብራ ቆሎ ትቆረጥማለች። ቀና ብላ አየችኝ። ምን እንዳስታወሰች ስለገባኝ ዓይኔን ወደ ጣሪያው ሰደድኩ።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዓመተ ምሕረት ነው፤ ጣልያን ደብረ ማርቆስ ገብቷል። እኔ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ ደብረ ኤልያስ የምማርበት ጉባኤ ቤት ስለተበተነ ወደ ቤታችን ተመልሻለሁ። አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበትን ቀመር፣ ባሕረ ሐሳብን፣ የተማርኩት ስድስት ሳምንት ነው። ለአገሩ ሰው ግን ሰባት ዓመት ብያለሁ።

ታላቅ ወንድማችን አያ ይርሳው ከአርበኞች ጋር በረሃ ወርዶ ነበር። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ገብሱ ታጭዶ አገሩ ሁሉ ገለባ ገለባ ሲሸት፣ የጠፋች በቅሎ ፈላጊ መስሎ አንድ ሰው ከቤታችን ገባ። ከአያ ይርሳው የተላከ ነው። ወንድሜና ሁለት ጓደኞቹ ከአማኑኤል ከተማ በኩል ጥይት ይዘው ከሚመጡ ሰዎች ጋር የነነዌ ጾም በሚገባበት ሰኞ ጠዋት ጨሞጋ ወንዝ መሻገሪያው ላይ ሊገናኙ ተቀጣጥረዋል። ባንዶቹ በየጠዋቱ በቅሎዎቻቸውን የሚያጠጡት እዚያው ነው። ባንዳም ቢሆን ግን ነነዌን ይጾማል፤ በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን ይውላል እንጂ ወንዝ አይወርድም። ችግሩ በረሃ ካሉት ውስጥ ጾሙ በስንት ቀን እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«የኔታ፣ የዘንድሮው ነነዌ መቼ ነው?» አለኝ መልእክተኛው።

የኔታ ሲለኝ ጊዜ ሰከርኩ። ቁና ሙሉ ሽምብራ አስመጥቼ ቁርበት ላይ በተንኩ። ዓለም ከተፈጠረ ያለውን ዘመን፣ ዓመተ ዓለሙን፣ ለዐሥራ ዘጠኝ ሳካፍል አንድ ተረፈ፤ አንዲት ሽምብራ ለብቻዋ አኖርኩ። ትደነቅ እጇን ሰደደችና ያችኑ አንስታ በላቻት።

«ዘመኑን እኮ ነው የበላሽው!»

«አንዲት ሽምብራ ምን ታደርግልሃለች?» አለች። ተቆጥቼ ሌላ ተካሁ።

የዚህ ቀመር ውበቱ ያሰክራል። በየዓመቱ የተረፈውን በዐሥራ አንድ እያበዛህ ሠላሳ ሠላሳውን ስትጥል ዐሥራ አንድ፣ ሃያ ሁለት፣ ሦስት፣ ዐሥራ አራት እያለ ይሄዳል። በዐሥራ ዘጠኝ ስታበዛው ደግሞ ዐሥራ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ሃያ ሰባት፣ ዐሥራ ስድስት። ሁለቱን ጎን ለጎን ብትደምራቸው ሁልጊዜ ሠላሳ ይሞላሉ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆን ሰልፉ ተመልሶ ከመነሻው ይጀምራል። የእኔም ዐሥራ አንድና ዐሥራ ዘጠኝ ሆኖ ሠላሳ ሞላ። እንግዲህ ሠላሳ ከሞላ ምን ይጠየቃል? ዐሥራ ዘጠኙ ላይ ለዕለቱ የሚደመረውን አራት ጨምሬ «ጥር ሃያ ሦስት» አልኩት። ሰውየው ጉልበቴን ስሞ ሄደ።

ጥር ሃያ ሁለት እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ ቄሱ ስለ ጾም ትንፍሽ አላሉም። ተከትያቸው ወጣሁ።

«አባ፣ ነገ ነነዌ አይደል? ሳያውጁ ወጡ።»

«ነነዌ የካቲት ሰባት ነው ልጄ፤ ሁለት ሳምንት ቀርቶሃል» አሉና ሳቁ። «ያልተፈጸመ ዓመት አይቆጠርም። ከተረፈው ላይ አንዱን ለዘመኑ ትተሃል?»

አልተውኩም። አንድ ሲነሳለት የዘንድሮው ባዶ ነው፤ ባዶና ሠላሳ፣ እሱም ሠላሳ ይሞላል። እኅቴ የበላቻት ሽምብራ ያችው መነሳት የነበረባት አንዷ ነበረች። እኔ ነኝ መልሼ የተካኋት።

ወንድሜ የት እንዳደረ ስለማይታወቅ ማስጠንቀቅ የሚቻለው እዚያው መሻገሪያው ላይ ብቻ ነበር። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ዱላዬን ይዤ ወጣሁ። ከጉብታው ላይ ሆኜ ቁልቁል ሳይ አምስት ባንዶች በቅሎዎቻቸውን እየነዱ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። በኋላ ሳወራው አምስት መቶ አድርጌያቸዋለሁ፤ ያን ጠዋት ግን አምስቱም በዝተውብኝ ነበር። ከወንዙ ዳር ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ አያ ይርሳው ቀኑን አምኖ ተቀምጧል። ቀኑን የሰጠሁት ደግሞ እኔ ነኝ። እግሬ ወደፊት አልሄድ አለ፤ ወደኋላ ሲሆን ግን በረረ።

ቤት ደርሼ ቄሱ ያሉትንና ባንዶቹ ወንድሜ ወዳለበት ቁጥቋጦ መውረዳቸውን ለትደነቅ ነገርኳትና «ወለምታ ነው» አልኳት እያነከስኩ።

«የትኛው እግርህ?»

«ግራው።»

«ስትገባ በቀኙ ነበር የምታነክሰው» አለችኝ። እንስራዋን አዝላ ወጣች።

እኔ ጎተራው ውስጥ ገባሁ። እስከ ጉልበቴ ገብስ ውስጥ ቆሜ፣ አቧራው አፍንጫዬን እየበላኝ፣ ማስነጠስ እንኳ ፈራሁ። ፀሐይ ወጣች፤ በስንጥቁ የሚገባው ብርሃን ከግድግዳው ወደ እግሬ ወረደ። በዐሥራ አንድ እየቆጠርኩ ሠላሳ ሠላሳውን ስጥል ቆየሁ። ሦስተኛው ዙር ላይ ከወንዙ በኩል አንድ ጥይት ጮኸ። ከዚያ በኋላ መቁጠር አልቻልኩም።

ትደነቅ የተመለሰችው ረፋድ ላይ ነው፤ እንስራው ሙሉ ነበር። ከቁጥቋጦው ጎን ተንበርክካ እየቀዳች፣ ከእንስራው ጋር የምትጣላ መስላ አያ ይርሳውን «የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው፣ ሂድ» አለችው። እነሱም ባንዶቹ ሳያዩ በወንዙ ሥር ሥር ተስበው ወጡ።

«ጥይቱስ?» አልኳት።

«ባንዶቹ ጅግራ ላይ ተኩሰው ነው። ሳቱ።»

የካቲት ሰባት ቀን ባንዶቹ ቤተ ክርስቲያን ዋሉ፤ ጥይቱም ደረሰ።

ይህን ታሪክ ልጄ ዐሥር ጊዜ ሰምታዋለች፤ በእኔ አወራር ግን በባንዳው መሐል ሰንጥቄ ወንድሜን ያዳንኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜም ደብተሯን ዘግታ አክስቷን «አባዬ አጎቴን ሲያድነው አንቺ የት ነበርሽ?» ስትል ጠየቀቻት። ትደነቅ ከቆሎዋ አንዲት ሽምብራ መርጣ ደብተሩ ላይ አስቀመጠችና ወደ እኔ ገፋቻት።

«ይችን እንኳ አታብዛት» አለችኝ።

እሺ። ወደ መሻገሪያው የወረደችው ትደነቅ ናት። እኔ ጎተራ ውስጥ ነበርኩ። እግሬንም አላመመኝም ነበር፤ ግራውንም፣ ቀኙንም።