ከሙቀጫ የተሠራው ክራር

ባለፈው ሳምንት ከቤታችን ጀርባ ያለው አናጢ ደረቅ ዋንዛ ሲሰነጥቅ፣ ሽታው በመስኮት ገብቶ ሥራዬን አስጥሎ አስቀመጠኝ። በደርግ ጊዜ፣ ፍኖተ ሰላም ዳር በነበረው ቤታችን፣ አባቴ ክራርና ማሲንቆ ሲጠርብ ልብሱም ፀጉሩም ይህንኑ ይሸት ነበር። ሌላውን ሰው ደስ ይለው ይሆናል፤ እኔ ግን ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁት።

አባቴ እንጨት ሲመርጥ ዐይኑን አያምንም ነበር። በጣቱ አንጓ እያንኳኳ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣ ጥቂት ቆይቶ ወይ አቅፎት ይገባል፣ ወይ ለማገዶ ይወረውረዋል። በዚያ ክረምት ግን መምረጡ የሥራ ነገር ብቻ አልነበረም። ስማቸው የሚባለው ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና በቀበሌያችን ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነበርና፣ ኪነት ቡድን የገባ ልጅ ይሰረዛል የሚል ወሬ ስንሰማ፣ እናቴ ያን ወሬ ይዛ ማደር ጀመረች። ቡድኑ ክራር መቺ ይፈልግ ነበር፤ ነገር ግን የሚፈልገው በድምፅ ማጉያ አደባባይ የሚያዳርስ ክራር ነው፤ እሱንም ተፈታኙ ራሱ ይዞ መምጣት ነበረበት።

የቡድኑ ኃላፊ፣ ከቡሬ የመጣ ቀጭን ሰው፣ ከተበላሸ የስልክ እጀታ ያወጣትን፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ የተጠመጠመባትን ማግኔት ለአባቴ ሰጠው። ከክሮቹ ሥር ተቀምጣ ድምፁን ወደ ማጉያው የምትወስድ እሷ ስለሆነች፣ እኛ ቤት ስሟ «ጆሮዋ» ሆነ። አባቴ እንደ ልማዱ ጅማት ወጥሮ ቀበሌው አዳራሽ ቢወስደው፣ ስማቸው ቢመታው ቢመታው ማጉያው ጭጭ አለ። እዚያ የነበሩት ሳቁ፤ አንዱማ ክራሩ ምስጢር ጠባቂ ነው፣ ለአብዮት ጥበቃ ይመዝገብ ብሎ ቀለደ። ማግኔት የሚሰማው ብረት ብቻ መሆኑን ያን ጊዜ ተነገረው። አባቴ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ፈትቶ ዘለላውን አንድ በአንድ ወጠረና ተመለሰ፤ አሁን ጮኸ፤ ግን ድምፅ የሚያስተጋባው ሣህኑ ከእርጥብ ባሕር ዛፍ የተጠረበ ስለነበር የቆርቆሮ ጩኸት ነበር። ኃላፊው ማሽን ካለ እንጨቱ ምንም አይደለም አለው። አባቴ ጎንበስ ብሎ፣

«ጌታዬ፣ ጆሮ የሰማውን ነው የሚያወራ፤ ተናጋሪው እንጨቱ ነው» አለ።

መስከረም ሲጠባ የደረቀ ዋንዛ ፍለጋ ጅጋ ገበያ ድረስ በእግሩ ሄደ፤ ክረምቱ ያላራሰው እንጨት አላገኘም። ይህን የሰሙት ጎረቤታችን እትዬ አንጓች ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ታደለ የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት ናቸው። ከአማታቸው የወረሱት የዋንዛ ሙቀጫ ነበራቸው፤ ከጭስ አጠገብ ስንት ዘመን የተቀመጠ፣ ስንጥቅ የሌለበት። አባቴ ቢያንኳኳው ፊቱ በራ፤ ግን ለመጠየቅ አፈረ። እሳቸው ቀድመው፣

«ልጅ ከዳነበትማ ሙቀጫ ምኔ ነው? እኔ በርበሬየን እናንተ ቤት እወቅጣለሁ» አሉ።

በትከሻው ተሸክሞ ያመጣው ራሱ ታደለ ነው። ግቢያችን ሲያስቀምጠው እያስነጠሰ፣ «ስማቸው፣ ካድሬው በፈተናው ቢያስነጥሰው የእማየ በርበሬ ነው በለው» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

አባቴ የሙቀጫውን እግር ቆርጦ፣ ሆዱን በመሮ እያሳሳ፣ ቆዳ ወጥሮ ክራር አደረገው። ከዚያም ጆሮዋን ያዟዙራት ጀመር፤ ክሮቹን ወደሚሸከመው በርኩማ ሲያስጠጋት ድምፁ ይሰላና ይቀጥናል፣ ወደ መሀል ሲስባት ይወፍርና ይከብዳል። ስፍራዋን ያገኘላት ዕለት ክራሩ እንደ ሰው ደረት አስተጋባ። ጥቅምት ላይ ስማቸው ተፈተነ፤ ኃላፊው ሳያስጨርሰው እጁን ጨበጠው። በሳምንቱ ስሙ ከዝርዝሩ ወጣ።

ስሙ ወጣ እንጂ ቁጥሩ አልጎደለም። ከየቀበሌው የሚፈለገው ልጅ ተቆጥሮ የተጠየቀ ነበርና፣ በስማቸው ቦታ ሌላ መግባት ነበረበት። ታደለ የባልቴት አንድ ልጅ ነው ተብሎ ታልፎ ነበር፤ ያን ጊዜ አልታለፈም። ጤፍ ሲያጭድ ከማሳው ወሰዱት።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። እናቴ ልጄ ከተረፈ ብላ ተስላ ስለነበር ጠላ ጠምቃ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። እትዬ አንጓችን መጥራትም አለመጥራትም ጭንቅ ሆነባት፤ በመጨረሻ እኔን ላከችኝ። ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ፣ ተቀመጡ፣ የተሰጣቸውን በሉ፣ ለስማቸውም መረቁ። እንጀራ ያቀረብኩላቸው እኔ ነኝ፤ ፊታቸውን ቀና ብዬ አላየሁም።

በጋውን ሙሉ ቀበሌው በር ላይ የስማቸው ክራር በማጉያው ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር። እትዬ አንጓች በርበሬያቸውን እኛ ቤት ይወቅጡ ነበርና፣ አንድ ቀን ዘነዘናውን አቁመው ጥቂት አዳመጡና ለእናቴ፣

«ስማቸው ሙቀጫየን ጥሩ አድርጎ ያስጮኸዋል» አሏት።

ከዚያ ወዲያ በርበሬ ይዘው አልመጡም። በተከታዩ ክረምት የታደለ መርዶ መጣ። አባቴ ለቅሶው ላይ ከድንኳኑ በር አላለፈም፤ ስማቸውም ክራሩን ለኪነት ቡድኑ ትቶ ሌላ አልያዘም። ዛሬ ቡሬ እህል ይነግዳል፣ የልጅ ልጅ አይቷል። እኔ ወንድሜ በመትረፉ አልጸጸትም፤ ይህንንም ስጽፍ ራሴን እጠላለሁ።

እናቴ ያን ጊዜ ምስጋናዋን ግቢ ሙሉ ሰው ጠርታ አሰማች። አልፈርድባትም፤ ደስታ በጎረቤት ፊት ነው ተብላ ያደገች ሴት ናት። እኔ ዛሬ ልጆቼ ከሄዱበት በሰላም ሲገቡልኝ፣ አንድ በአንድ ቆጥሬ በሩን እዘጋለሁ። ተመስገን ስልም ከንፈሬን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው፤ ከግድግዳው ወዲያ የማን ልጅ እንዳልገባ አላውቅምና።