ቃል የጠፋበት ወንድሜ እንዴት እንደ ሰማ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይመስገን! ስለ ወንድሜ ስለ አያ ታረቀ ልመሰክር ተነሥቻለሁ። ካረፈ ገና ቅርብ ነው፤ ድምፄ ቢቆራረጥ ታገሡኝ።

አያ ታረቀ የጭነት ማኪና ሾፌር ነበር። ከጎንደር ዛሪማ ይመላለስ ነበር። እኔን ሁለተኛ ደረጃ ያስተማረኝ እሱ ነው። በዚያን ጊዜ ለእኔ ጸሎት የእናቶች ሥራ ነበር።

አንድ ቀን ዛሪማ ገበያ ላይ ወደቀ። ሲነቃ ቀኝ እጁ ዝሏል። የባሰው ግን ሌላ ነው። «ውሃ ትጠጣለህ?» ስለው፣ «ውሃ ትጠጣለህ» ብሎ ጥርት አድርጎ ይመልስልኛል፤ አይጠጣም። ጣሳውን ሳሳየው ግን ተሻምቶ ይጠጣል።

ጠበል ወሰድነው። አጥማቂው መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው «ማን ነህ? ተናገር!» አሉት። እሱም «ማን ነህ? ተናገር!» አላቸው።

«ወይ ድፍረት! ጭራሽ እሱ ጠያቂ ሆነ?» አለ ከኋላ አንዱ።

እናቴ ደረቷን ደቃች። «ምነው ልጄ፣ ሰይጣኑ ሲመልስ እየሰማህ! ይታሰር እንጂ!» አለችኝ። ሰንሰለት ሲያመጡ ደግፌው ወጣሁ፤ ወደ ሚሲዮን ሐኪም ቤት ወሰድሁት።

የሚሲዮኑ ፈረንጅ ሐኪም ከኋላው ቁልፍ አንሿሿ። አያ ታረቀ ዞር ብሎ በግራ እጁ መሪ እንደሚያዞር አደረገ። ሐኪሙ «ቁልፍ» ሲለው ግን «ቁልፍ» ብሎ ደገመለት እንጂ እጁን አላንቀሳቀሰም።

«እብድም አይደለም፣ ጋኔንም የለበትም» አለኝ። «ድምፁን ይሰማል፤ የቃሉ ትርጉም ነው የማይደርሰው። ጉዳቱ አንጎሉ ውስጥ ነው። መድኃኒት የለኝም። በዓይኑና በእጁ አናግሩት።»

ይህን ያስተረጎሙልኝ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ጋሼ መኰንን ናቸው። «ጋሼ» አልኳቸው፣ «እምነት በመስማት ይመጣል ትላላችሁ። ቃል የማይደርሰው ወንድሜ ታዲያ እንዴት ይድናል?»

በማግስቱ ፀዳ ከተማ ወዳለው ቤታችን መጡ። ሳፋና ለብ ያለ ውሃ ጠየቁ። ከዚያ ተንበርክከው የወንድሜን እግር ማጠብ ጀመሩ።

«ኧረ በሞቴ! እንግዳው እርስዎ፣ አጣቢው እርስዎ?» ብላ እናቴ ጮኸች።

እሳቸው ግን ወደ ሰማይ አመለከቱ፤ ደግሞ ደረቱን ነኩት፤ እግሩን ሳሙት። አያ ታረቀ እንባው ወረደ። ከመደቡ ተንሸራቶ ወረደ፤ ሳፋውን በግራ እጁ ጎተተ፤ የእናታችንን እግር ይዞ ያጥብ ጀመር። ይታሰር ያለችውን የእናታችንን! ክብር ለስሙ ይሁን!

«ልጄ ነው! ልጄ እኮ ነው!» አለች። እኔም እዚያው ተንበረከክሁ። ጌታን የተቀበልኩት በዚያ መሬት ላይ ነው። ሃሌ ሉያ!

አልዋሽም፤ ቃሉ አልተመለሰለትም። በክረምቱ ሕመሙ ደግሞ ጣለውና አረፈ። አለቅሳለሁ፤ ግን አልጠራጠርም። ሰምቷል። ጌታ በጆሮ በኩል ብቻ አይገባም።

ወገኖቼ፣ የምትናገሩት የማይገባው ዘመድ ያላችሁ፣ ተስፋ አትቁረጡበት፤ ለጌታ ስጡት። ራሳችሁንም ስጡት። እናቴ ዛሬ መጥታለች፤ ያቻት፣ በሩ አጠገብ። ከጎኗ ቦታ አለ። ኑ።