ሱንዱስ ለቅመም ተራ የነገረችው

ድካም ሰው ቢሆን ኖሮ ረሂማ ቤት ኪራይ ሳይከፍል ይኖር ነበር። አርባ አንድ ዓመቷ ነው። መርካቶ ቅመም ተራ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማይቆምባት ሱቅ ውስጥ ኮረሪማና እርድ፣ ጥቁር አዝሙድና ቁንዶ በርበሬ ስትሸጥ ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። አሁን ደግሞ፣ ወልጄ ጨርሻለሁ ብላ ከተቀመጠች ከስንት ዘመን በኋላ፣ አረገዘች። ጠዋት የቅመሙ ሽታ ያስመልሳታል፣ ከሰዓት ወገቧ ይቆረጣል፣ ወደ ማታ እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ይላል።

ከአጠገቧ ዱካ ላይ የምትቀመጠው ሱንዱስ ናት፤ እስካሁን ያለቻት አንድ ልጅ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ። ሱንዱስ ዳውን ሲንድረም አለባት። ሥራዋ ኮረሪማ መልቀም ነው። ፍሬውን ሳትከፍት በመዳፏ አንስታ ባዶውን ከሙሉው ትለያለች፤ ተሳስታም አታውቅም። የምትናደደው እሷ የለቀመችውን ሌላ ሰው ሲደግመው ብቻ ነው፤ ያን ዕለት ምሳም አትበላም።

ሱንዱስን ማሳደግ ቀላል ነው የሚል ካለ ይምጣና ረሂማን ይጠይቃት። ልጅቷ ቆማ የሄደችው በሦስት ዓመቷ ነው። ልቧ ላይ በነበረው ቀዳዳ ምክንያት እናትየው ያልጠናችው የሆስፒታል ደጅ የለም። «ለእሷ የሚሆን ክፍል የለንም» ያሏትን ትምህርት ቤቶች መቁጠር ትታለች። ታክሲ ውስጥ አፍጥጦ የሚያያቸው ሰው ግን እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። ትወዳታለች፤ ይህ አያጠያይቅም። ሰው የሚወደውን ተሸክሞም ይደክመዋል።

ስለዚህ እርግዝናው ሦስት ወር ሲጠጋ፣ አብነት አካባቢ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄደች። ዶክተር ጸሎት የምትባል ወጣት ሐኪም ረጋ ብላ አስረዳቻት።

«ከእርስዎ ክንድ ደም እንቀዳለን። በእናት ደም ውስጥ የልጁ ዘረመል ቁርጥራጭ ይገኛል፤ ውጭ አገር ተልኮ ክሮሞዞሙ ይታያል። ማህፀንዎ አይነካም፣ ልጁም አይነካም። ግን የሚነግረን ዳውን ሲንድረም የመኖሩን ዕድል እንጂ እርግጡን አይደለም። ከፍ ያለ ነው ካሉን ማረጋገጫ ሌላ ምርመራ አለ።»

ረሂማ ወዲያው ገባት። ሱንዱስ ኮረሪማውን ሳትከፍት እንደምታውቀው ነው።

«ውጤቱ ሲመጣ ምን እንደሚያደርጉ አስበውበታል?» አለቻት ሐኪሟ።

«ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው» አለች ረሂማ። ዋሸች። ከፍ ያለ ነው ካሉኝ አልወልደውም ብላ ከራሷ ጋር ከጨረሰች ሰንብታለች። ይህን ለባሏ ለሀምዳን እንኳ አልነገረችውም። ለእሱ የምትለው፣ እራት በቀረበ ቁጥር፣ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እንደ ሱንዱስ ቢሆንስ?» እሱም ጉርሻውን አየር ላይ አቁሞ «አላህ ያውቃል» ይላታል። ሱንዱስ በመሃላቸው ሆና ትበላለች። ትሰማለች ብሎ ያሰበ አልነበረም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከክሊኒኩ ተደወለ። ደሙ ውስጥ የተገኘው የልጁ ዘረመል ድርሻ ስላነሰ አልተነበበም፤ እንደገና ይቀዳ ተባለ። ተቀዳ። እንደገና ሌላ ጥበቃ። ረሂማ ሚዛን ላይ እርድ አስቀምጣ ምን ያህል እንደተጠየቀች መርሳት ጀመረች።

በዚያው ሳምንት ጎረቤቷ እትዬ በለጥሻቸው፣ ከፊት ለፊት ሱቅ ጨው የሚሸጡት አሮጊት፣ መጥተው ትከሻዋን ያዙ።

«ረሂማዬ፣ ሰማሁ። አይዞሽ። ቢሆንም እንወደዋለን።»

«ምኑን ሰሙ እትዬ?»

«ልጁ እንደ ሱንዱስ ነው አይደል? ራሷ ነገረችኝ እኮ!»

ሱንዱስ የነገረችው ለእሳቸው ብቻ መስሏችኋል? ከሰዓት አንድ ተሸካሚ ጆንያውን እንዳዘለ ቆም ብሎ «አይዞሽ እናት» አላት። ቡና የምታዞረው ልጅ ሒሳብ አልቀበልም አለች። ተራው ሁሉ ለቅሶ የሚደርስ ይመስል እየመጣ ትከሻዋን ይዞ «ቢሆንም እንወደዋለን» ይላል። ረሂማ ተናደደች፣ አፈረችም።

«ማን ነው እንደ አንቺ ነው ያለሽ?» ብላ ሱንዱስ ላይ ጮኸች።

«አንቺ» አለች ሱንዱስ ግራ ተጋብታ። «እራት ላይ። ሁልጊዜ።»

እናቷ ፈርታ የምትለውን ሱንዱስ ተመኝታ የምትለው መስሏት ነበር። እንዲያውም ከጓዳ አንዲት ትንሽ ዱካ ጎትታ ከራሷ አጠገብ አስቀምጣለች። «አብረን እንለቅማለን» አለች። ረሂማ ዱካዋን አላነሳቻትም።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ዶክተር ጸሎት ደወለች። «ዕድሉ በጣም ዝቅተኛ ነው። እንኳን ደስ አለዎት።»

ረሂማ ጆንያ ላይ ዘፍ አለች። «አልሐምዱሊላህ!» አለች፤ ከዚያ የአንድ ወሩ ብቻ ሳይሆን የአሥራ ስድስት ዓመቱ ድካም ባንዴ ወጣና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሱንዱስ የያዘችውን ኮረሪማ ጥላ መጣች።

«ምን አሉ? እንደኔ ነው?»

እዚያች ላይ መዋሸት አማራት፤ አቃታት።

«አይደለም ሱንዱሴ። እንደኔና እንደ አባትሽ ነው።»

ሱንዱስ ትንሿን ዱካ አየቻት። የእናቷን እንባም አየችው። ከዚያ ቅመም ቅመም የሚሸተውን እጇን፣ ሰዉ ሁሉ ሲያደርግ እንዳየችው፣ እናቷ ትከሻ ላይ አሳረፈች።

«አይዞሽ እማ» አለች። «ቢሆንም እንወደዋለን።»