የካቸሩ ቀኝ እግር

አክስቴ የልጃቸውን ጨዋታ በዓይናቸው አይተው አያውቁም ነበር። አትላንታ አጠገብ ካለችው ታከር ተነስተው ሜዳው ድረስ ይነዳሉ፣ ፓርክ ያደርጋሉ፣ ከመረቡ ጀርባ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ። ኳሱ ሊወረወር ሲል ግን ሻርፓቸውን ጎትተው ፊታቸውን ይሸፍናሉ። ልጃቸው የኮሌጁ ቤዝቦል ቡድን ካቸር ነበር። ካቸር ማለት ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ፣ ወርዋሪው በሙሉ ጉልበቱ የሚልከውን ኳስ በጓንት የሚቀበል ተጫዋች ነው። ጭምብል ያጠልቃል፤ ደረቱና ቅልጥሙ ላይም መከላከያ ያስራል። ቢሆንም ዱላው ፊቱ አጠገብ ሽው ብሎ ሲያልፍ የእናት ሆድ አይችልም።

«ምን ሆነ?» ይሉኛል ከሻርፑ ሥር።

«ያዘው።»

«ፊቱስ?»

«ፊቱ ደህና ነው፣ እቴቴ።»

«ተመስገን። በይ ቀጥዪ።»

ቤዝቦልን ያወቅኩት እንዲህ ነው። ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አትላንታ ከገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ዲቪው የደረሰው ለአባቴ ነው። እሱ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ይሆናል፤ እኔ እህቱ ቤት ተቀመጥኩ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ፒችትሪ ኮርነርስ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ። ቅዳሜና እሁድ የአክስቴ ዓይን እሆናለሁ።

ዓይን መሆን ለእኔ ቀላል አልነበረም። ያሳደጉኝ ትልቅ ሰው ፊት ቀና ብዬ እንዳላይ አድርገው ነው፤ እኔ ደግሞ ከተባልኩት በላይ አቀረቀርኩ። መጋዘኑ ውስጥ ሰውን ሁሉ የማውቀው በጫማው ነበር። አለቃችን የቀኝ ተረከዙ ያለቀ ቡኒ ጫማ ያደርጋል፤ ፊቱን ግን መንገድ ላይ ባገኘው የምለየው አይመስለኝም። ሜዳም ሄጄ መጀመሪያ የማየው እግር ነው። ከተቀመጥንበት ቦታ የአክስቴ ልጅ ጀርባና የጫማው ሶል ወለል ብሎ ይታያል።

መጀመሪያ የከነከነኝ «ቤዝ ሰረቀ» የሚሉት ነገር ነው። አንድ ቀን መኪና ውስጥ የአክስቴን ልጅ ጠየቅኩት። እሱ እዚህ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ አማርኛውና እንግሊዝኛው ተጠላልፎ ነው የሚወጣው።

«ስቲል ማድረግ ሊጋል ነው» አለኝ። «ራነሩ፣ ሯጩ ማለት ነው፣ ፈርስት ቤዝ፣ የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ቆሟል፣ ኦኬ? ፒቸሩ ወደ እኔ መወርወር ሲጀምር ተነስቶ ወደ ሁለተኛው ይሮጣል። ማንም ኳሱን ሳይመታ።»

«ሰው እያየው?» አሉ አክስቴ መሪውን እንደያዙ።

«ማሚ፣ ሁሉም እያየው።»

«ታዲያ ማን ነው የሚይዘው?»

«እኔ!» አለ። «የእኔ ሥራ እኮ እሱ ነው። ኳሱን እይዛለሁ፣ እነሳለሁ፣ ከፒቸሩ ራስ በላይ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ላለው ልጅ እወረውራለሁ። ከሯጩ ቀድሞ ከደረሰ ሌባው አለቀለት።»

ከዚያ ወዲህ ሌላውን ጨዋታ ትቼ ይህችን ብቻ መጠበቅ ጀመርኩ። አንድ ሰው በሁለት ትንፋሽ መካከል ይህን ሁሉ እንዴት ይሠራል? ከፊታችን ያለው ረድፍ ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጡ ነጭ ሽማግሌ ነበሩ፤ የአንዱ ወርዋሪ አያት ናቸው። አንገታቸው ላይ የሚንጠለጠል የሰከንድ ሰዓት አላቸው። ኳሱ የአክስቴ ልጅ ጓንት ውስጥ «ጧ» ሲል ይጫኑታል፤ ሁለተኛው ቤዝ ላይ «ጧ» ሲል እንደገና ይጫኑታል። አንድ ቀን ሰዓቱ ላይ ማፍጠጤን አይተው አውልቀው ሰጡኝ። ሞከርኩ። አውራ ጣቴ ዘገየ። ሳቁ፤ እኔም መሬት መሬት እያየሁ ሳቅኩ። ሁለት ጣት አሳዩኝ፤ ሁለት ሰከንድ። ከዚያ ወደ አክስቴ ልጅ ጠቁመው ጣታቸውን ትንሽ አጠፍ አደረጉ፤ ከሁለትም ያንሳል። «ክንዱ ጥሩ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው፣ እንድረዳቸው።

ክንዱ ጥሩ ከሆነ ለምን ይሰረቃል?

ይህን የጠየቅኩት ያ ቢጫ የዛፍ ብናኝ አትላንታን በሚሸፍንበት ወር ነው። መኪናው፣ አግዳሚው፣ የሰው ጫማ፣ ሁሉ ነገር ቢጫ ይሆናል። የሌላ ኮሌጅ ቡድኖች የአክስቴን ልጅ ዝም ብለው ይሰርቁት ጀመር። አንድ እሁድ አምስት ጊዜ ሮጡ፤ አምስቱም ደረሱ። እኔ ከሻርፑ አጠገብ «ደረሰ… ይሄም ደረሰ» ስል ዋልኩ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ የአክስቴ ልጅ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ «ኮቹ የሚቀጥለውን ዊክኤንድ ነው የሰጠኝ» አለ። «ካላቆምኳቸው ሌላው ልጅ በእኔ ቦታ ካች ያደርጋል። እኔ ቤንች ነኝ።»

«ደግ አደረገ» አሉ አክስቴ። «ፊትህ ይረፍ።»

«ማሚ፣ ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ ሌላ ቦታ ቆሜ አላውቅም።» ድምፁ ቀጠነ። «ሌላ ነገር አልችልም።»

በዚያ ሳምንት ማታ ማታ ጋራዡ ውስጥ ኳስ ከመረብ ጋር ሲያጋጭ እንሰማው ነበር። ክንዱን ነበር የሚያሠራው። አክስቴ ሳህኑን ከድነው ይጠብቁታል፤ እሱ ሳይበላ ገብቶ ይተኛል።

ቅዳሜ ሄድን። ሻርፑ ወረደ፣ እኔም መተረክ ጀመርኩ። ኢኒንግ በሚሉት ሦስተኛው ዙር ላይ አንድ ልጅ የመጀመሪያው ቤዝ ደረሰ። የአክስቴ ልጅ ቁጢጥ አለ፣ የትኛውን ኳስ እንደሚልክ ለወርዋሪው በጣቱ ምልክት ሰጠ፣ እግሩን አመቻቸ።

«ይሮጣል» አልኩ።

ሮጠ። ኳሱ መሬት ነክቶ ነጠረ፤ የአክስቴ ልጅ በጉልበቱ ወድቆ በደረቱ አስቆመው። ሲነሳ ሯጩ ደርሶ ሱሪውን ያራግፍ ነበር።

«ደረሰ፣ እቴቴ።»

«ቆይ» አሉ ከሻርፑ ሥር። «ሳይሮጥ ነው እንዴ የነገርሽኝ?»

እኔም ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም ነበር፤ አፌ ብቻ ነው የቀደመው። ቀጥሎ ሌላ ሯጭ መጣ። አሁን ልቤን ሰብስቤ አየሁ። የአክስቴ ልጅ ቁጢጥ ሲል ቀኝ እግሩን አንድ መዳፍ ያህል ወደ ኋላ ሳብ አደረገ።

«አሁን አይሮጥም» አልኩ።

አልሮጠም። በሚቀጥለው ኳስ እግሩን አልሳበም፤ ሁለቱ ጫማዎች እኩል ቆሙ።

«ይሮጣል!»

ሮጠ። አክስቴ ሻርፑን ከፊታቸው ገፈው አፈጠጡብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ጠንቋይ ነሽ እንዴ?»

የመጀመሪያው ቤዝ ያለው በአክስቴ ልጅ ቀኝ በኩል ነው። እኔ ከጀርባ ያየሁትን እዚያ የቆመው ሯጭ ፊት ለፊት ያየዋል። እንደገና አየሁ፤ እውነትም ሯጩ የሚያየው ወርዋሪውን ብቻ አልነበረም። ኳሱ ከመወርወሩ በፊት ዓይኑን ወደዚያ ጫማ ጣል ያደርግ ነበር። ሽማግሌውን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስለ ኳሱ ጠየቅኳቸው። ሁለቱም ጊዜ የተሰረቀው ከርቭ በሚሉት፣ ቀስ ብሎ በሚመጣና ወደ መሬት በሚታጠፍ ኳስ ነው አሉኝ። ለሌባ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም።

ያን ቀን አራት ጊዜ ተሰረቀ። አራቱንም ቀድሜ አወቅኩ።

ለእሱ መንገሩ ግን ሌላ ጣጣ ነው። እሱ የኮሌጅ ተማሪ ነው፣ አሠልጣኝ አለው፣ ቪዲዮ ያያል። እኔ ካርቶን ላይ ወረቀት የምለጥፍ። ምን ብዬ እጀምራለሁ? መኪና ውስጥ ነገሩን ያነሱት አክስቴ ናቸው።

«ይህቺ ልጅ ሌባውን ሳይነሳ ታውቀዋለች።»

«ዋት?» ብሎ ከፊት ወንበር ዞረ። «ሲሪየስሊ? በምን?»

«እንጃ…» አልኩ።

«እንጃ ምን ማለት ነው? ኮቹ እኮ ነገ ከመጀመሪያው ኢኒንግ ሌላውን ልጅ ዋርም አፕ ያስደርገዋል። ጨርሻለሁ። ፕሊስ፣ የምታውቂው ነገር ካለ ንገሪኝ።»

ቃል አጣሁ። ቤት ደርሰን ከመኪና ስንወርድ የግቢው ሲሚንቶ በቢጫ ብናኝ ተሸፍኖ፣ የጎማችን መንገድ ጥርት ብሎ ታተመበት። ያን ጊዜ ቃል እንደማያስፈልገኝ ገባኝ።

«እዚህ ቁጢጥ በል» አልኩት።

«እዚህ? ጎረቤት እያየኝ?»

«የሜዳ ጫማህን አድርግና ቁጢጥ በል።»

እንዲህ አዝዤው አላውቅም፤ ገርሞት ነው መሰለኝ እሺ አለ። ፋስትቦል የሚሉት ፈጣኑ ኳስ እንደሚመጣ አስብ አልኩት፤ ተመቻቸና ተነሳ። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ወስጄ አሁን ከርቭ ነው አልኩት። ተመቻቸና ተነሳ። ከዚያ በጣቴ መሬቱን አሳየሁት። በመጀመሪያው ዱካ ቀኙ ከግራው ወደ ኋላ ቀርቷል። በሁለተኛው ሁለቱ እኩል ናቸው።

ለብዙ ጊዜ አቀርቅሮ አየ።

«ኦ ማይ ጋድ» አለ በመጨረሻ። «ከርቭ ስለሚነጥር በጉልበቴ ልወድቅ እየተዘጋጀሁ ነው። ፋስትቦል ሲሆን ለመወርወር። እኔ ራሴ ነኝ የምነግራቸው!» ወደ እኔ ዞረ። «ኮቹ ክንዴን ነው የሚያየው። እኔም ክንዴን። አንቺ ፊቴን እንኳን አይተሽ አታውቂም።»

«ፊትህ ጭምብል ውስጥ ነው» አልኩት።

አክስቴ መጥረጊያ ይዘው ብቅ አሉ። «አሁን ልጥረገው?»

«ማሚ፣ ኖ! እንዳትነኪው! ይልቅ ነይ፣ መቺ ሁኚ።»

እስኪመሽ ተጫወትን። አክስቴ መጥረጊያውን እንደ ዱላ ትከሻቸው ላይ አድርገው ቆሙ፤ እኔ የፖስታ ሳጥኑ አጠገብ ሯጩን ሆንኩ። እሱ የትኛውን ኳስ እንዳሰበ ሳይነግረኝ ቁጢጥ ይላል፤ እኔ እገምታለሁ። መጀመሪያ ሁሉንም አገኘሁ። አንዳንዴ እግሩን ያስተካክልና ትከሻው ያሳብቅበታል፤ ነገርኩት። ቀስ በቀስ መሳሳት ጀመርኩ። በተሳሳትኩ ቁጥር እጁን ወደ ላይ ያነሳል፣ አክስቴም በመጥረጊያው መሬቱን ይመታሉ። መሳሳት እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እሁድ አሠልጣኙ አስገባው። ሌላው ካቸር ግን ሊተካው የቅልጥም መከላከያውን አስሮ ከተጠባባቂዎቹ መቀመጫ ጫፍ ላይ ቆሟል፤ ገና ከጅምሩ። ሁለተኛው ዙር ላይ አንድ ቀይ የጫማ ማሰሪያ ያለው ሯጭ የመጀመሪያው ቤዝ ደረሰ። የአክስቴ ልጅ ቁጢጥ አለ። ቀኝ እግሩ ወደ ኋላ ሳብ አለ፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ኳሶችም፣ በፈጣኑም በከርቩም፣ እንደዚያው ነበር።

«ይሮጣል?» አሉ አክስቴ።

«አላውቅም፣ እቴቴ።»

«እንዴት አታውቂም?»

ሮጠ። ጧ! ሁሉም ሰው ተነሳና ማየት አቃተኝ። ጧ! በሰዎቹ መሀል አጮልቄ ሳይ ዳኛው «ተይዟል» ብሎ ጡጫውን ወደ ላይ አነሳ፤ ቀይ ማሰሪያው አቧራ ውስጥ ተቀምጦ ቀረ። ሽማግሌው ሳይናገሩ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው አሳዩኝ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሯጮች ከቤዙ ሁለት ሦስት እርምጃ ይርቃሉ። የአክስቴን ልጅ እግር ያያሉ። እንደገና ያያሉ። ከዚያ ተረከዛቸው ቤዙን እስኪነካ ድረስ ቀስ እያሉ ይመለሳሉ።

«ምን ሆነ?» አሉ አክስቴ ከሻርፑ ሥር። አንድ ጊዜ ገልጠው አይተው እንደገና ሸፍነውት ነበር።

«ምንም።»

«ዝም ብሎ ምንም?»

«ቆሟል። አልሮጠም።»

አምስተኛው ዙር ላይም እንዲሁ። ስድስተኛው ላይም። ሰባተኛው ላይ ዓይኔ እንደ ልማዱ ወደ መሬት ሲወርድ፣ ከመቀመጫው ጫፍ የቆመው ሌላው ካቸር ጎንበስ አለ። የመከላከያውን ማሰሪያ ከቀኝ ቅልጥሙ ፈታ፤ ከዚያ ከግራው። መከላከያዎቹን አግዳሚው ሥር አስቀምጦ ተቀመጠ።

«አሁንስ?» አሉ አክስቴ። «ምን ሆነ? ንገሪኝ እንጂ!»

«ምንም አልሆነም፣ እቴቴ» አልኳቸው። «ያኛው ልጅ መከላከያውን ፈታ።»