እናትሽ ሥልጠና ሄዳለች

መጀመሪያ የደነዘዙት የእግሬ ጣቶች ናቸው። ሰኞ ጠዋት ነበር። ወልቂጤ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ ከቤታችን እስከ ልጄ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ ጭቃ ሆኗል። ልጄ ናርዶስ አንደኛ ክፍል ናት፤ የምትታዘልበት ዕድሜ አልፏል። ግን አዲስ ጫማ አድርጋለች፤ ጫማዋ ከሚቆሽሽ የእናቷ ወገብ ቢጎብጥ የምትመርጥ ልጅ ናት። አዝዬ አሻገርኳትና ሳወርዳት ጣቶቼ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰለኝ። ጫማዬን አውልቄ አራገፍኩት። ምንም የለበትም።

ከዚያ ቀደም ብሎ ለጥቂት ቀናት ተቅማጥ ይዞኝ ነበር። ኦአርኤስ ጠጥቼ ተሻለኝ፤ ረሳሁትም። ኋላ ሐኪሞቹ ደጋግመው የጠየቁኝ ስለዚያ ተቅማጥ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ አስቀድሜ ጽፌዋለሁ።

ሥራዬ የሐዘን ምክር ነው። በሆስፒታልና በትምህርት ቤቶች እየተዘዋወርኩ ወላጅ ወይም ወንድም የሞተባቸውን ሕፃናትና ቤተሰቦቻቸውን አነጋግራለሁ። «የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ» ስል «የእብድ ሐኪም ማለት ነው?» የሚለኝ ሰው እስካሁን አልጠፋም። ከእብደት ጋር ብዙ አልተገናኘሁም። የተገናኘሁት ከውሸት ጋር ነው። ልጁ አባቱ ሞቶበታል፤ ቤተሰቡ «ዐረብ አገር ሄዷል» ብሎታል፤ ልጁ በሩን እያየ ትምህርቱን ትቷል። ማታ ለእራት ስንቀመጥ ባለቤቴ አስናቀ ላይ እጮህበት ነበር፣ እሱ የዋሸ ይመስል። «ዛሬም አንዷን ልጅ፣ እናትሽ አዲስ አበባ ሄዳለች ብለዋታል! ሰው ሲሞት ለልጅ ሄደ ከማለት ሌላ ቃል ጠፋ?» አስናቀ የወሎ ሰው ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ ታጋሽ ነው። «ብይ እንጂ፣ ቀዘቀዘ» ይለኛል። ናርዶስም በመካከላችን ሆና ትበላለች።

በማግስቱ ድንዛዜው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ደረሰ። ረቡዕ ቢሮዬ ውስጥ ሁለት እናቶችን ሸኝቼ ልነሳ ስል ጉልበቴ አልታዘዘኝም። ወንበሩን ይዤ ወደቅሁ። ነርሶች ደግፈው ወደ ድንገተኛ ክፍል ወሰዱኝ። ወጣቱ ሐኪም ጉልበቴን በትንሿ መዶሻ መታ። እግሬ አልተነቃነቀም። ደግሞ መታ። ያኔ ፊቱን አየሁት። የሰው ፊት ማንበብ ሥራዬ ነው።

በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ወሰዱኝ። ከጀርባዬ በመርፌ ፈሳሽ ተቀዳ። የነርቭ ሐኪሟ በዕድሜ የገፋች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። አልጋዬ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጊያን ባሬ ሲንድረም ይባላል» አለችኝ። «ተቅማጡን ሊዋጋ የተነሳው የሰውነትሽ መከላከያ ተሳስቶ የራስሽን ነርቮች ሽፋን እየመታ ነው። ከእግር ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ ይቆማል። ከዚያ ቀስ እያለ ይመለሳል። እስኪቆም ድረስ ትንፋሽሽን እንጠብቃለን።»

«እሞታለሁ?»

«የሚሞት ሰው አለ። አብዛኛው ግን አይሞትም። እውነቱን ነው የነገርኩሽ።»

እጇን ልጨብጣት ፈለግሁ። እጄ ግማሽ መንገድ ላይ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። እጄ ሄደ። አንገቴ ከበደ። ውኃ ስጠጣ በአፍንጫዬ ተመለሰ። ፊቴ ደረቀ። ከንፈሬ አልገጥም አለ። ዓይኔን ስጨፍን አይከደንም፤ ነርሷ በፕላስተር ትዘጋልኛለች። ድምፄ ሹክሹክታ ሆነ። አይ ሲ ዩ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቡኝ። በደም ሥሬ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል መድኃኒት ጀመሩልኝ። ትንፋሼ ቢያቅተኝ የሚያስተነፍሰኝ ማሽን፣ ቬንቲሌተሩ፣ ራስጌዬ ቆመ። ሐኪሟ በየጊዜው ትመጣና «በአንድ ትንፋሽ ቁጠሪ» ትለኛለች። ጠዋት የደረስኩበት ቁጥር ላይ ከሰዓት አልደርስም። ፈራሁ። ልጄን ፈለግኋት። መጥራት አልቻልኩም።

ናርዶስን ቡታጅራ የምትኖረው ታላቅ እህቴ እትዬ ብርቅነሽ ወስዳታለች። እትዬ ብርቅነሽ እኔንም ያሳደገችኝ ሴት ናት፤ ልቧ እንደ ቅቤ ነው፤ አፏ ግን ምስጢር ላይ ሲደርስ ይቆለፋል። በእኛ አገር ክፉ ወሬ ሥርዓት አለው። ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመዱ በዘፈቀደ አይነገርም፤ ዘመድ ይጠራል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎህ ሲቀድ መርዶ ይነገራል። እስከዚያ የሚያውቅ ሁሉ አፉን ይይዛል። ደግ ሥርዓት ነው፤ ሰው ብቻውን እንዳይሰማ ነው። ለልጅ ግን ያ ጠዋት አይመጣም።

እትዬ ብርቅነሽም እንደ ወጉ አደረገች። «እናትሽ አዲስ አበባ ሥልጠና ሄዳለች» አለቻት። ናርዶስ ልደውልላት ስትል «ስልኳ ተበላሽቷል» ተባለች። አባቷም ሲጠየቅ «ሥልጠናው ረዘመ» አለ። አስናቀ ይህን ሲያወራልኝ እስከ ዛሬ ያፍራል፤ እኔ ግን አልፈርድበትም፤ ያን ጊዜ አይ ሲ ዩ በር ላይ ቆሞ የሚውል ሰው ነበር።

አንድ ከሰዓት እትዬ ብርቅነሽ ከገበያ ስትመለስ ናርዶስን ሳሎን ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። የአክስቷን ነጠላ ለብሳለች። የለበሰችው ዘቅዝቃ ነው፤ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ፣ ልክ ሐዘን እንደ ገባት ትልቅ ሴት።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ ልጄ?»

«ለቅሶ ተቀምጫለሁ።»

«የማን ለቅሶ?»

«የእማዬ።»

«እናትሽ ሥልጠና ናት አላልኩሽም!»

«አውቃለሁ» አለቻት ናርዶስ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ። «እማዬ ሁልጊዜ ለአባዬ ትነግረዋለች። እናት ስትሞት ለልጅ እንደዚያ ነው የሚባለው።»

እህቴ ዘንቢሏን እዚያው ጣለችው። ለአስናቀ ደውላ «ልጅህ እናቷን ቀብራ ተቀምጣለች፤ ድረስልኝ!» አለችው። ጎረቤት ጩኸቷን ሰምቶ ነጠላ እያነሳ መጣ፤ እውነተኛ ለቅሶ መስሎት። እንግዲህ በዚያ ቀን ቡታጅራ ላይ ተለቅሶልኝ ነበር ማለት ነው።

አስናቀ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ይህን ነገረኝ። ሳቄ መጣ፤ ፊቴ ግን እንደ ግድግዳ ደርቆ ቀረ። ከዚያ እንባዬ መጣ፤ እንባዬስ እምቢ አላለኝም። ያን ሰሞን የትንፋሽ ቁጥሬ መውረዱን አቁሞ ነበር። ሐኪሟ «ቆሟል። አሁን መመለሱን እንጠብቃለን» ብላ ከአይ ሲ ዩ አውጥታኛለች። ያለችኝን ድምፅ ሰብስቤ «አምጧት» አልኩት።

እትዬ ብርቅነሽ በስልክ «ሕፃን ልጅ እናቷን እንዲህ ሆና ትያት? ትባንናለች!» ብላ ተቆጣች። ሐኪሟን ጠየቅናት። «ከምታስበው የከፋ አታይም» አለች። «ፊቷ እንደማይንቀሳቀስ ግን ሳትገባ ንገሯት።» ለአስናቀ የሚናገረውን እኔው አቀበልኩት፤ ለስንት ቤተሰብ ያቀበልኩት ነው። እናትሽ ታማለች። እግሯና እጇ ለጊዜው አይሠሩም። ፊቷ አይስቅም፤ ተቆጥታ አይደለም። ሐኪሞች እያከሟት ነው። ቡታጅራ ሄዶ ያን ዕለት ነገራት። ከዚያ በሚኒባስ ወደ አዲስ አበባ ይዟት መጣ። መንገድ ላይ ቡኢ ከተማን ሲያልፉ «ታዲያ ለምን ሥልጠና አላችሁኝ?» አለችው። «ስለ ፈራን» አላት። በትዳራችን ዘመን ከተናገረው ሁሉ ይህን እወድለታለሁ።

ናርዶስ በሩ ላይ ቆመች። አልቀረበችኝም።

«እማዬ፣ ሞተሻል?»

«አልሞትኩም። ታምሜ ነው።»

«አትስቂማ።»

«ፊቴ እምቢ ብሎኝ ነው። ውስጤ እየሳቀ ነው።»

በአልጋው ግርጌ በኩል መጣችና አንሶላውን ገልጣ የእግሬን አውራ ጣት በሁለት ጣቷ ያዘች።

«ይሰማሻል?»

«ትንሽ።»

ጣቴን አልለቀቀችም። አንገቷን ደፍታ «አዝለሽኝ ስለሄድሽ ነው?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ቤት ውስጥ ክፉ ነገር የደረሰበት ሕፃን ሁሉ ውስጥ አለ፦ እኔ ነኝ ያመጣሁት? ስለዚህ ጥያቄ ለመምህራን ብዙ ጊዜ አስተምሬአለሁ። ከልጄ አፍ ሲወጣ ግን ሰምቼ አላውቅም። ብቻዋን ስንት ቀን ተሸክማው እንደቆየች አሰብኩ።

«አይደለም» አልኳት። «በአንቺ ምክንያት አይደለም። ነርቭ የሚባል ቀጭን ገመድ ነው የታመመው። ሰው ልጁን አዝሎ እንዲህ አይታመምም።»

«በጫማዬስ?»

«በጫማሽም አይደለም።»

ትከሻዋ ወረደ። ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ወጣችና ጎኔ ተኛች። «ታዲያ ፀጉሬን ማን ይሠራኛል?» አለች።

«አክስትሽ።»

«እሷ አጥብቃ ነው የምትሠራው!»

«እንድታላላው እነግራታለሁ።»

በሩ ላይ እትዬ ብርቅነሽ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትስቅም ታለቅስም ነበር። «አፈር ልብላልሽ፣ አላላዋለሁ» አለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ያለውን ሳስታውስ ልቤ ይሰፋል፤ ምክንያቱም መመለሱ ከመሄዱ ይልቅ እጅግ የዘገየ ቢሆንም በየሳምንቱ አንድ የሆነ ነገር ይዞልኝ ይመጣ ነበር፤ መጀመሪያ ከንፈሬ ገጠመና ሾርባ ሳላፈስ ጠጣሁ፣ ቀጥሎ ዓይኔ ያለ ፕላስተር ተከደነ፣ ከዚያ ማንኪያ መያዝ ቻልኩ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ኸይሩ የወልቂጤ ልጅ ሆኖ ተገኘና የአገሬን ወሬ እያወራ ያሠራኝ ነበር። ስነጫነጭ (ታማሚ ሆኜ ክፉ ነበርኩ፣ አልደብቅም) «እሺ ተቆጪኝ፤ ግን እየተቆጣሽ እግርሽን ግፊ» ይለኛል። ለናርዶስም ሥራ ሰጣት። እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ እሷ አንዱን ጣቴን ትጫናለች፣ የትኛው እንደሆነ እናገራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ ከሰላምታ በፊት ወደ እግሬ ነው የምትሄደው። ስሳሳት «ገና ነሽ» ትለኛለች፣ እንደ ሐኪም። ትንሿን ጣቴን ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ስለይ ኸይሩ «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ሲጮህ፣ የጎረቤት አልጋ ታማሚ እናት እልል አሉ።

ወልቂጤ የተመለስኩት በተሽከርካሪ ወንበር ነው። አስናቀና የሠፈር ሰዎች ግቢያችን ውስጥ የባሕር ዛፍ አጣናዎችን በሁለት በኩል አግድም አሰሩልኝ፤ እየያዝኩ የምለማመድበት። የቸሃ ጉራጌ የሆኑት ጎረቤታችን ቆጮና አይብ ይዘው እየመጡ፣ በአጣናዎቹ ጫፍ ተቀምጠው «ነይ፣ እዚህ ድረሺና ብዪ» ይሉኝ ነበር። ጠበል የሚያመጣልኝም ነበር፤ ጠጥቼ ልምምዴን እሠራለሁ። አንዱ ከሌላው አልከለከለኝም። ከተሽከርካሪ ወንበር ወደ ባለ አራት እግር መደገፊያው ዎከር፣ ከዎከር ወደ ምርኩዝ፣ ከምርኩዝ ወደ አስናቀ ክንድ ተሸጋገርኩ። የግራ እግሬ ሲደክመኝ አሁንም ይጎተታል። ወደ ሥራዬ ስመለስ ደግሞ ከከሰዓት በፊት ጉልበቴ ያልቃል፤ ይህን ሐኪሟ አስቀድማ ነግራኛለችና አልደነገጥኩም።

ሥራዬን በመጠኑ ለውጬዋለሁ። ድሮ የዋሸ ቤተሰብ ሲመጣ እገሥጽ ነበር። አሁን እትዬ ብርቅነሽ ትታየኛለች፣ ዘንቢሏ እግሯ ሥር ተደፍቶ። ሰው በክፋት አይዋሽም፤ ይፈራል። ስለዚህ «ለምን ዋሻችሁ?» አልልም፤ «ልጁ ምን እያሰበ ይመስላችኋል?» እላለሁ። ከዚያ አንዱ ማልቀስ ይጀምራል፤ ሥራው የሚጀምረው እዚያ ነው።

ይህን የምታነቡት እንደ እኔ ተኝታችሁ ከሆነ፦ ከእግር የጀመረ ድንዛዜ ወደ ላይ ሲወጣ ነገ ያልፋል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ትንፋሽ ላይ ሳይደርስ ሐኪም ቤት ግቡ። አልጋ ላይ ስትቆዩ አገላብጡኝ በሉ፣ አታፍሩ። ፊታችሁ ባይስቅም እንደምትስቁ ለሰው ንገሩ። አስታማሚ ከሆናችሁም፣ ቤት ውስጥ ያለውን ልጅ አትርሱት። አጭር እውነት ይበቃዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ከልጅ የተደበቀ በሽታም ልጁን ያሳምማል። ሐኪሜን፣ ነርሶቹን፣ ኸይሩን፣ አጣና ያሰሩልኝን፣ በሕይወት እያለሁ ያለቀሱልኝን የቡታጅራ ጎረቤቶች ሳይቀር አመሰግናለሁ። እግዜር ያክብርልኝ።

በቅርቡ መሥሪያ ቤቴ አዲስ አበባ ለሥልጠና ላከኝ። ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ በር ላይ ስደርስ ናርዶስ መንገዱን ዘግታ ቆመች።

«የት ነው የምትሄጂው?»

«ሥልጠና።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ተቀመጪ» አለች። ተቀመጥኩ። የግራ ጫማዬን አወለቀች፣ ካልሲዬን ሳበችው። «ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ጨፈንኩ። ጣቷ ቀዝቃዛ ነው።

«የቱ ነው?»

«ትንሿ።»

«ይሄስ?»

«ከአውራው ቀጥላ ያለችው።»

ካልሲዬን መለሰችልኝ፣ ጫማዬን አደረገችልኝ፣ ክሩን ራሷ አጥብቃ አሰረችው።

«እሺ» አለች፣ ከበሩ ዘወር ብላ። «አሁን ሂጂ።»